ለገሃር ላይ የእንፋሎት ባቡር እንደገና ለመሥራት፦ ከልኬቱ እስከ ቦይለሩ

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር የመኖሪያና የንግድ መንደር 36 ሄክታር መሬት ይሸፍናል። መሬቱ ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሚያልቅበት፣ ፉርጎ የሚቀጠልበትና ጭነት የሚራገፍበት ግቢ የነበረው ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ ቅርስ መሆኑን የሚከራከር የለም። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ግን፣ ሐዲዱን፣ የመስመር መቀያየሪያውን፣ ፉርጎውንና ሎኮሞቲቩን፣ ቅርስ ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ብረት ስለሆነ በኪሎ ይገመታል። ባቡር የሌለው ባቡር ጣቢያ ደግሞ ውሎ አድሮ የሠርግ ፎቶ መነሻ ከመሆን አያልፍም።

በግቢው ውስጥ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ አጭር ሐዲድ ተጠብቆ፣ በድሮው ንድፍ አዲስ የተሠራ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሊሄድበት ይችላል። ሥራው ከባድ ቢሆንም ከአቅም በላይ አይደለም፤ አብዛኛው ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ይሁንና ልኬቱ፣ መሬቱና ቦይለሩ (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨው ጋን) አንዴ ከተበላሹ ኋላ አይታረሙም። ገንዘብም ሆነ ትኩረት መጀመሪያ ወደ እነዚህ ነው መሄድ ያለበት።

አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው በ1890 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ጠባብ ሐዲድ ቁፋሮውንና ድልድዩን ያረክሳል፤ ጠበብ ባለ ኩርባም ይዞራል፤ ለተራራማ አገር የተመረጠውም ለዚህ ነው። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው የከተማው ቀላል ባቡርና በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ስፋታቸው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው ባቡር ቅጂ በሁለቱም ላይ መሄድ አይችልም። የአዲሱ የጅቡቲ መስመር የመንገደኞች መነሻም ከነጭራሹ መሃል ከተማ ሳይሆን ፉሪ ለቡ ነው። ስለዚህ የቅርስ ባቡር ከታሰበ የራሱ ሐዲድ ያስፈልገዋል።

ቆሞ የኖረን አሮጌ ሎኮሞቲቭ አድሶ ማስነሣት አይቀልም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አይቀልም። በመስመሩ ላይ እንፋሎት በናፍጣ ሞተር የተተካው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ የቆመ ቦይለር ሆዱ ውስጥ ዝገት የበላው፣ ላሜራው የሳሳ ነው፤ ለማስነሣት ቦይለሩን ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ሲሊንደሩን መቦረቅ፣ የብረት ጎማውን መሞረድ የግድ ይሆናል። ያ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ከድሮው የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ስለ ድሮው አሠራር የሚናገረው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። አሮጌው እንዳለ ቢቀመጥና ከእርሱ ተለክቶ አዲስ ቢሠራ ሁለቱም ይተርፋሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ በአሮጌ ቦይለር ቆርቆሮ ሥር ሙቀት እንዳይወጣ የተጠቀለለው ነገር አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይመረመር ማንም እጁን ሊያስገባበት አይገባም።

አዲስ መሥራት በሌላውም አገር የተለመደ ሆኗል። በጀርመን የማይኒንገን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሞሊ የባሕር ዳርቻ ባቡር፣ 900 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሐዲድ፣ በ1930ዎቹ ንድፍ አዲስ ሎኮሞቲቭ አስረክቧል። በስዊዘርላንድ የብሪየንዝ ሮትሆርን ተራራ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቀላል ዘይት የሚነዱ አዳዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አስገብቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ነው። የኒልጊሪ ተራራ ባቡር ስፋቱ እንደኛው አንድ ሜትር ሲሆን፣ በቲሩቺራፓሊ ያለው የመንግሥት ባቡር ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የድሮውን ንድፍ ይዞ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች ሠርቶለታል። ኤርትራ ውስጥም 950 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የምፅዋ አስመራ መስመር ከነፃነት በኋላ እንደገና የተነሣው በአብዛኛው ጡረታ በወጡ የባቡር ሠራተኞች እጅ ነው። እውቀት ያለው ሰው በሕይወት ሳለ መጀመር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚያ በላይ ምስክር የለም።

ልኬት ከሁሉ በፊት

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ለገሃርና ድሬዳዋ ያለው እያንዳንዱ አሮጌ ዕቃ ከመነሣቱ፣ ከመሸጡ ወይም ቀለም ከመቀባቱ በፊት መለካት አለበት። በሌዘር ስካነር የአንድ ሎኮሞቲቭ ቅርጽ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣል። ስካነር የሚያየው ግን ውጩን ብቻ ነው። የላሜራ ውፍረት በአልትራሳውንድ፣ የቀዳዳና የሻፍት ዲያሜትር በካሊፐርና በማይክሮሜትር፣ የቡሎን ጥርስ በጥርስ መለኪያ ለየብቻ መወሰድ አለበት። በመስመሩ ላይ የነበሩት የፈረንሳይና የስዊዘርላንድ ሎኮሞቲቮች ንድፍ በሜትሪክ መሆኑ ይረዳል፤ ሆኖም የዚያ ዘመን ቡሎን ጥርስ ከዛሬው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ዳዶ ገዝቶ ይገባል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ያለቀን ነገር እንደ መጀመሪያው አድርጎ ሲለካ ነው። ዲያሜትሩ 900 የነበረ ጎማ ተሞርዶ ተሞርዶ 850 ሊደርስ ይችላል። 330 የነበረ ሲሊንደር ደጋግሞ ሲቦረቅ 340 ይሆናል። እውነተኛውን ቁጥር ለማግኘት ያላለቀውን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል፤ በሲሊንደር ውስጥ የፒስተኑ ፋሻ የማይደርስበት ጫፍ፣ በአክስል ላይ ኩሽኔታው የማይነካው ትከሻ፣ በጎማ ላይ የብረት ቀለበቱ የተጠለቀበት ውስጠኛው ክብ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ይለካ፤ የሚለያይ ከሆነም አማካዩን ወስዶ ማለፍ ሳይሆን ለምን እንደተለያየ መጠየቅ ይገባል። በየዕቃው ላይ የተመታው ቁጥር ፎቶ ይነሣ፤ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሎኮሞቲቭ ተነቅሎ እንደተገጠመ የሚነግረን እርሱ ነው።

ምን ያህል ጉልበት ይበቃል?

ትልቅ ሎኮሞቲቭ ያማረ ይመስላል፤ ለአጭር የከተማ መስመር ግን ሸክም ነው። ሦስት የተያያዙ አክስሎች ያሉት፣ ውኃውን በጎኑ በተገጠመ ታንክ የሚይዝ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ይሻላል። ሲሊንደሩ 330፣ የፒስተኑ ምልልስ 500፣ የጎማው ዲያሜትር 900 ሚሊ ሜትር፣ የቦይለሩ ግፊት 12 ባር ይሁን እንበል። የሲሊንደሩ ዲያሜትር በራሱ ተባዝቶ፣ በምልልሱና በግፊቱ ተባዝቶ፣ ለጎማው ዲያሜትር ሲካፈልና ከዚያ 85 በመቶው ሲወሰድ 62 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይወጣል፤ ይህም 6.3 ቶን ያህል የመሳብ ጉልበት ነው። በእያንዳንዱ አክስል ላይ 9 ቶን፣ በድምሩ 27 ቶን ከተጫነ፣ በደረቅ ሐዲድ ላይ የክብደቱ ሩብ፣ ማለትም 6.7 ቶን ያህል፣ ሳይንሸራተት ይያዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሐዲዱ በዝናብና በጭቃ ሲሸፈን፣ ይህ ወደ 4 ቶን ይወርዳል። ለዚህም ነው ከጎማው ፊት ደረቅ አሸዋ የሚያፈስ ሳጥን ጌጥ ያልሆነው።

እያንዳንዳቸው 20 ቶን የሆኑ አራት ፉርጎዎችን አንድ በመቶ ዳገት ላይ ለመጎተት፣ የሎኮሞቲቩ ክብደት ተጨምሮ፣ 1.6 ቶን ያህል ጉልበት በቂ ነው። ስለዚህ ይህ መጠን በክረምትም ቢሆን ይተርፋል። ከዚህ በላይ መሄድ ብረት፣ ነዳጅና ውኃ ማባከን ነው። ዘጠኝ ቶን አክስል በሜትር 20 ኪሎ ለሚመዝን ሐዲድ የመጨረሻው ጣሪያ መሆኑንም ልብ ይሏል፤ 25 ወይም 30 ኪሎ የሚመዝን ከተገኘ እርሱን መምረጥ ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

ንድፉን ከአውሮፓ ወስዶ እንዳለ መቅዳት አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ለገሃር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን ይህም የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህላል። ምድጃው ለተመሳሳይ ነዳጅ ተጨማሪ አየር መሳብ አለበት። አየሩን የሚስበው ደግሞ ከሲሊንደር ወጥቶ በጭስ ማውጫው ሥር የሚተነፍሰው እንፋሎት ነው። የመተንፈሻው ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ እሳቱ ይደክማል፤ ጠባብ ከሆነ እሳቱ ይበረታል፤ ነገር ግን እንፋሎቱ ሲሊንደር ውስጥ ታፍኖ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል። መፍትሔው ቀዳዳውን የሚለወጥ ቀለበት አድርጎ መሥራትና በተለያየ ዲያሜትር፣ ለምሳሌ በ85፣ በ90 እና በ95 ሚሊ ሜትር፣ በሐዲድ ላይ ፈትኖ መምረጥ ነው።

ውኃ ወደ ቦይለር የሚያስገባው ኢንጄክተርም ከፍታውን ያውቃል። ከታንኩ በላይ ተቀምጦ ውኃ ወደ ላይ እንዲስብ ከተደረገ፣ በባሕር ወለል ካለው የመሳብ አቅም ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ያጣል፤ የታንኩ ውኃ በፀሐይ ሲሞቅማ ጭራሹን ይተፋዋል። ስለዚህ ሁለቱም ኢንጄክተሮች ከታንኩ ወለል በታች መገጠም አለባቸው። ፍሬኑም እንዲሁ ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ባቡሮች የሚቆሙት አየር ከቱቦ መጥጦ ባዶ በሚያደርግ ፍሬን ነበር። ይህ ፍሬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከአየር ግፊት ነው፤ 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ መሆን የነበረበት እዚህ 57 ብቻ ነው። በታመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን መግጠም የታሪክ መልኩን ትንሽ ቢለውጥም ሰው ለሚጭን ባቡር የሚሻለው እርሱ ነው።

ቦይለሩ

ይህ የሥራው ልብ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚህ ነው። በ12 ባር ግፊት ውኃው 190 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ቦይለሩ ቢፈነዳ ከውኃው አምስት እጅ አንዱ ያህል በአፍታ እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውኃ ደግሞ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከ2,000 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። መሃል ከተማ ሕፃናት በቆሙበት ቦታ ስለሚቆም ነገር ነው የምናወራው።

በእኛ ግምት ቦይለሩን እዚህ ለመሥራት መሞከር አያስፈልግም። ምክንያቱ የብየዳ ባለሙያ ማጣት አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጎበዝ በያጅ ሞልቷል። የሚጎድለው ለምድጃው ላሜራ በሙቀት እየተጫነ የሚታጠፍበት ማሽን፣ የምስክር ወረቀት ያለው የቦይለር ብረት፣ እያንዳንዱን ስፌት በኤክስሬይ የመመርመር ልምድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኋላ ኢንሹራንስ የሚቀበለው ፊርማ ነው። በእንግሊዝ ከባዶ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቀው ቶርኔዶ የተባለው ሎኮሞቲቭ እንኳ አብዛኛውን አገር ውስጥ ሲያሠራ ቦይለሩን ከማይኒንገን ነው የገዛው። እርሱም ከችግር አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ቦይለሩ ለጥገና ወደ ፋብሪካው ተመልሷል።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ምድጃውን ማየት ይበቃል። ምድጃው በውስጠኛና በውጪኛ ላሜራ መካከል ውኃ የሚዞርበት ሳጥን ነው። ግፊቱ ሁለቱን ላሜራዎች ሊገፋቸው ስለሚታገል፣ በየ100 ሚሊ ሜትሩ ርቀት በብረት ዘንግ ተያይዘው ይያዛሉ። ለእያንዳንዱ ዘንግ የሚደርሰው ሸክም 1.2 ቶን ነው፤ በዚህ መጠን ያለ ምድጃ ላይ ዘንጎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። እሳት ሲነድ ውስጠኛው ላሜራ ከውጪኛው ይልቅ ይሞቃል፣ ይረዝማልም፤ ዘንጎቹ ትንሽ ይታጠፋሉ። ሲበርድ ይመለሳሉ። በላይኞቹ ማዕዘኖች ያሉት ከሁሉ ይበልጥ ስለሚታጠፉ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ መሃሉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይበሳል፤ ዘንጉ ሲሰበር እንፋሎት በቀዳዳው ይወጣና ለነጂው ይናገራል። ቀዳዳው አስቸገረ ብሎ በብየዳ የሚደፍን ሰው ከወርክሾፕ መውጣት አለበት። ጥድፊያም የዘንግ ጠላት ነው፤ ቀዝቃዛ ቦይለር እስኪሞቅ አራትና አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለሥልጣን እየመጣ ነው ተብሎ በአንድ ሰዓት የሚቀጣጠል እሳት የምድጃውን ዕድሜ ይበላል።

በግዢ ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ግልጽ ነው። የእያንዳንዱ ላሜራ የምስክር ወረቀት፣ የኤክስሬይ ፊልሞቹ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ያለው ንድፍ፣ የእኛ ገለልተኛ መርማሪ በቆመበት ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም በ18 ባር፣ የሚደረግ የውኃ ፍተሻ። ፍተሻው በአየር የማይደረገው ውኃ ብዙም ስለማይታመቅ ነው፤ ቢሰነጠቅ ይፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። ቦይለሩ በጅቡቲ ወደብ አልፎ ሲደርስ ፍተሻው ይደገማል፤ በመንገድ ላይ የደረሰ ምት ካለ የሚገለጠው ያኔ ነው። ሎኮሞቲቩ ሳያልቅ ቀድሞ ከመጣም፣ ውስጡ ደርቆ፣ እርጥበት የሚመጥ ዱቄት ገብቶበት፣ ቀዳዳዎቹ ተዘግተው ይቀመጥ። በክረምት ክፍቱን የተወ አዲስ ቦይለር አንድም ቀን ሳይሠራ ይዝጋል።

ሁለት የደኅንነት ቫልቮች፣ ሁለት የውኃ ማሳያ መስታወቶች፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የውኃ ማስገቢያዎች የግድ ናቸው። በምድጃው ጣሪያ ላይ በእርሳስ የተሞላ ቡሎን ይገጠማል፤ ውኃው ጎድሎ ጣሪያው ከተገለጠ እርሳሱ በ327 ዲግሪ ቀልጦ እንፋሎቱን ወደ ምድጃው ይለቅቃል፤ ላሜራው ለስልሶ ከመቀደዱ በፊት።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው

የቀረው የእኛ ሥራ ነው። ዋናው ሻንሲ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው ሁለት ላሜራዎች ይቆረጣል። ሁለቱ ላሜራዎች ተደራርበው ተጣብቀው በአንድ ላይ መቦረቅና መሞረድ አለባቸው፤ ለየብቻ ከተሠሩ የአክስሉ መቀመጫዎች ትይዩ አይሆኑም። ከተገጣጠመ በኋላ የማዕዘን ለማዕዘን ልኬቱ ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሻንሲው በጥቂቱም ቢሆን ከተጠማዘዘ ባቡሩ ሁልጊዜ አንዱን ሐዲድ እየፋቀ ይሄዳል፤ ያንን በባሌስትራ ማስተካከል አይቻልም።

የጎማው መሃል የሚቀለጠው ከብረት ነው። የእንጨት ሞዴሉ ሲሠራ ብረቱ ሲበርድ በሚሰበሰበው ልክ፣ ሁለት በመቶ ያህል፣ መተለቅ አለበት፤ ለጊዛ (ካርቦን ለበዛበት ተሰባሪ ብረት) አንድ በመቶ ይበቃል። ሁለቱን ያምታታ ሞዴል ሠሪ ጎማውን ከነጭራሹ ያበላሻል። አቃቂ ያለው የመሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ማቅለጫ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ተግባረዕድ ደግሞ ሞዴል፣ ቶርኖና ብየዳ የሚማሩ ወጣቶች ስላሉት፣ ቡሾችን፣ ፒኖችንና ቫልቮችን ለማውጣት ከዚህ የተሻለ የልምምድ ሥራ አያገኝም።

በጎማው ዙሪያ የሚጠለቀው የብረት ቀለበት ውስጡ ከመሃሉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠባል። 800 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቀለበት እስከ 250 ዲግሪ ሲሞቅ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ያኔ በቀላሉ ይገባል፣ ሲበርድም አንቆ ይይዛል። ከዚህ በላይ ካጠበቡት ሲበርድ ውስጡ በውጥረት ይሰነጠቃል፤ ልል ካደረጉት ደግሞ ረጅም ፍሬን ሲያዝ ሞቆ ይዞራል። ጎማዎቹ አክስል ላይ የሚገቡት በፕሬስ ነው፤ ለ150 ሚሊ ሜትር አክስል 60 ቶን ያህል ግፊት መጠየቅ አለበት። በ30 ቶን ከገባ ልል ነውና ይወጣ።

የማያያዣው ዘንግ የሚያርፍበት የግራና የቀኝ ጎማ ፒን በትክክል 90 ዲግሪ ተለያይቶ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ስሕተት ቢኖር እንኳ በሦስቱም አክስሎች ላይ እኩል ከሆነ ባቡሩ ይሄዳል፤ አንዱ አክስል ብቻ ከተለየ ግን የማያያዣው ዘንግ በየዙሩ ይጨናነቃል፣ ቡሹ ይግላል፣ በመጨረሻም ዘንጉ ይታጠፋል። ፒኖቹን ለየአክስሉ በተለያየ ሰው እጅ ማስቦረቅ የማይገባው ለዚህ ነው፤ አንድ ማሽን ላይ፣ አንድ መለኪያ ይዞ፣ አንድ ሰው ይጨርሳቸው።

ሲሊንደሩን ከጊዛ ማፍሰስ የድሮው መንገድ ነው። ወፍራምና ቀጭን ክፍል እኩል ስለማይበርዱ ግን ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ውስጡም የአየር ጉድጓድ ይዞ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ተቦርቆ ሊያልቅ ሲል ነው። ከብረት ላሜራ በብየዳ ተሠርቶ፣ በእቶን እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ውጥረቱ ከወጣ በኋላ፣ ውስጡ የጊዛ ቡሽ ቢገባበት ይሻላል። ከውጭ በቆርቆሮ ስለሚሸፈን መልኩ አይለወጥም። ባሌስትራውን የከባድ መኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ወርክሾፖች ያወጡታል፤ ከተገጠመ በኋላ ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይመዘን፤ 4.5 ቶን መሆን ከሚገባው ከአምስት በመቶ በላይ ከተለየ ማስተካከያው ይዙር።

ጭሱና ውኃው

አዲስ በተሠሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ባቡር ከአንድ ወር በላይ አይቆይም። የአገር ውስጥ የድንጋይ ከሰል አመዱ የበዛ ነው፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ቢሆንም ለትንሽ ምድጃ አይመችም። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ግን አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት የአንድ ኪሎ ናፍጣን ሲሶ ያህል ነው፤ ፍንጣሪውም አደገኛ ነው። በናፍጣ ማንደድ የውጭ ምንዛሪ ይበላል፤ ሆኖም ንጹሕ ነው፣ እሳቱንም እንደፈለጉ ማሳነስ ይቻላል። ምድጃው በሸክላ ጡብ መለበድ አለበት። እሳቱ ድንገት ጠፍቶ ቀዝቃዛ አየር በቱቦዎቹ ውስጥ ከገባ የቱቦዎቹ ጫፍ ይላላና ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ሲጠፋ የአየር በሩ ወዲያው መዘጋት አለበት።

ውኃውን በተመለከተ፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የገጽ ውኃ ከአቃቂ ጉድጓድ ውኃ ይልቅ ለቦይለር ይቀላል። መስመሩ ከየትኛው እንደሚመጣ ግን በየጊዜው ሊለዋወጥ ስለሚችል በየሳምንቱ መመርመር ያስፈልጋል። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውኃ ፒኤች 11 አካባቢ ይያዝ፤ ኦክስጅኑ በኬሚካል ይወገድ። በየቀኑ ከሥር ትንሽ ውኃ ይለቀቅ፤ ጨውና ዝቃጭ ሲከማች ውኃው አረፋ ያነሣና ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ውኃ ስለማይታመቅ የሲሊንደሩን ክዳን ገንጥሎ ይጥለዋል። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ይታጠብ።

መሬቱ

ሐዲዱ ከ600 እስከ 800 ሜትር ቢረዝም ለጉብኝት ይበቃል። በሁለቱም ጫፍ ሎኮሞቲቩ ከፉርጎዎቹ አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚዞርበት መቀያየሪያ፣ የውኃ ማማ፣ ከሥሩ ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድ ያለው መጠለያ፣ የናፍጣ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። የኩርባው ግማሽ ዲያሜትር ከ100 ሜትር ባይጠብ ይመረጣል፤ ከጠበበ ሐዲዱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ማስፋት የግድ ይሆናል። ለአንድ መስመር በየትኛውም ቦታ ከሥሩ የተፋሰስ ቦይ ያለው ቢያንስ አምስት ሜትር ስፋት ያለው መሬት መጠበቅ አለበት፤ በመቀያየሪያው አካባቢ ዘጠኝ። ይህ በ36 ሄክታር ውስጥ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን የሕንፃ መሠረት፣ የመሬት ውስጥ መኪና ማቆሚያና የፍሳሽ ቱቦ ከተቀመጠ በኋላ 27 ቶን የሚሸከም መሬት ከዚያ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት አይቻልም። የመሬት ውስጥ ማቆሚያ ጣሪያ ላይ ሐዲድ እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ መሐንዲሱ የአክስል ሸክሙን ማወቅ ያለበት ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ነው።

የጎማ መኪና ላይ የሎኮሞቲቭ ቅርጽ አልብሶ ማስጎብኘት ርካሽ አማራጭ ሆኖ መቅረቡ አይቀርም። ከዚያ ይልቅ የድሮው ሎኮሞቲቭ ቆሞ፣ አጠገቡ የተነሣው ልኬትና ንድፉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢታይ እንመርጣለን። ልኬቱ ካለ ሥራው በአምስት ዓመትም በሃያ ዓመትም ሊጀመር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስካነር፣ ሁለት ቶርኖ የሚያውቁ ሰዎች፣ ፈረንሳይኛ የሚያነብ አንድ ሰውና ወደ ድሬዳዋ ወርክሾፕ መግቢያ ፈቃድ ነው፤ ቀጠሮ መያዝ ያለበትም የቀረው ብረት ወደ ማቅለጫ ከመጫኑ በፊት ነው።